የኮርቻ ቆዳ ችግርና መፍትሄ፦ የኑግ ዘይቱን ለወጥ ተዉት

ሱሉልታ ላይ ኮርቻ መጠገን ከጀመርሁ ብዙ ክረምት አልፏል። ከመስቀል ማግስት እስከ ጥምቀት ዋዜማ የሚመጣልኝ ኮርቻ አብዛኛው አንድ ዓይነት በሽታ አለበት። ስለዚህ ሌላውን በአጭሩ አልፌ በእርሱ ላይ እቆያለሁ። አቧራና ላብ ሳይጠረግ ቆዳ እንደማይቀባ ለፈረሰኛ መንገር ድፍረት ነውና አልነግርም።

መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቆይቶ ይሰነጠቃል

ምልክቱ፦ መቀመጫው እጅ ይይዛል፣ ሱሪ ያጠቁራል፣ የፈረስ ፀጉር ይለጠፍበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ መጣበቁ ይቀርና ቆዳው ቫርኒሽ የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ያበጃል። ባለቤቱ «አማረበት» ይላል። ጠፍሩን አጠፍ ሲያደርጉት ግን ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ቆዳውን ይዞ ይወርዳል።

ምክንያቱ፦ የኑግ ዘይት። አንዳንዴ የተልባ፣ አንዳንዴ የሱፍ ይሆናል፤ በብዛት ግን ኑግ ነው፤ ምድጃው አጠገብ የሚገኘው እርሱ ነዋ። በኑግ ዘይት ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት እጅግ ይበዛል። ይህ ቅባት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ፊት እንደ ሙጫ፣ ኋላ እንደ ቀለም ይሆናል። የተልባ ዘይት ለሥዕል ቀለም የሚያገለግለውም ስለሚደርቅ ነው። በዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ የደረቀውን ቢጫ ዝቃጭ በጥፍራችሁ ፍቃችሁ ታውቁ የለ? ኮርቻው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ከቆዳው ጭረት (ከውስጥ ክሮቹ) መሀል ግን በጥፍር አይወጣም።

ወደ እንጦጦ በኩል ፈረስ የሚያከራይ ደንበኛ አለኝ። አንድ ጥቅምት ሰባት ኮርቻ በአህያ ጭኖ መጣ።

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ እቀባዋለሁ እኮ። ለምን ይደርቃል?»

«በየሳምንቱ ስለምትቀባው ነው» አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ደረቅ የመሰለው የራሱ ዘይት ያበጀው ቅርፊት ነበር። ቆዳው በቅርፊቱ ተሸፍኖ ምንም አይጠጣም፤ እርሱ ደግሞ አልጠጣ ሲለው ይጨምርለታል። ከሰባቱ የሁለቱን የእርካብ ጠፍር በእጄ ጎትቼ በጠስሁለት። አኩርፎ ሄደ። ወር ሳይሞላው ሦስተኛው ጠፍር ቁልቁለት ላይ እንግዳ እንደተቀመጠበት ተበጠሰ። ሰውየው ሣር ላይ ስለወደቀ ተረፈ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ በተበጠሰ ጠፍር ማድረሱም ይቀራል።

መፍትሄው በደረጃው ይለያያል። ገና የሚጣበቅ ከሆነ ተስፋ አለው። ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አጥብቃችሁ በጨመቃችሁት ጨርቅና በጥቂት የኮርቻ ሳሙና አረፋውን እያነሳችሁ ጥረጉት፤ የኮርቻ ሳሙና ከጠፋ ግሊሰሪን ሳሙና ይሠራል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይንካው! አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ለፍቶ የወጣ ቆዳ ደግሞ ጠባዩ ወደ አሲድ ያደላል፤ አንድ እጥበት ለዓመታት የገባበትን ቅባት ይዞ ይወጣል። ከዚያ ጥላ ላይ አድርቃችሁ የበቆሎ ስታርች ነስንሱበትና አሳድሩት። ጠዋት በብሩሽ አራግፉት። ሦስት አራት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። የሰለቸው ሰው ናፍጣ ያፈስበታል፤ እንደዚያ ያደረገ ሰው ኮርቻውን ወደ እኔ ባያመጣው ደስ ይለኛል።

ቅርፊት ከሆነ በኋላ ግን የሚመለስ ነገር የለም። የተበጠሰን ጭረት የሚቀጥል ዘይት በዓለም ላይ አልተሠራም። ስንጥቁ መቀመጫው ላይ ከሆነ መልኩ ተበላሸ እንጂ ይጋለብበታል። የእርካብ ወይም የሆድ ጠፍር ላይ ከሆነ ጣት በሚያህል እንጨት ላይ ጠምዝዙትና እዩ፤ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ቁረጡና በአዲስ ለውጡ። «እስከ ገና ያደርሰኛል» አትበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል ሲደርቅ በሚያመነጨው ሙቀት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ጭድ ባለበት ጋጣ ውስጥ እንዳትጥሉት።

ታዲያ ምን ይቀባ?

የማይደርቅ ዘይት። እኔ የምጠቀመው የጉሎ ዘይት ነው፤ ፋርማሲ ይገኛል፣ ወፍራም ነው፣ አየር ላይ ቢቆይ ቅርፊት አይሠራም። ውጭ አገር ለኮርቻ የታወቀው ኒትስፉት ከከብት ቅልጥምና እግር አጥንት የሚወጣ ዘይት ነው። ንጹሑን ያገኘ ሰው ይጠቀምበት፤ ቆዳውን እንደሚያጠቁር ግን አስቀድሞ ይወቅ። «ኮምፓውንድ» የሚል ከተጻፈበት የማዕድን ዘይት ሳይደባለቅበት አይቀርምና ስፌቱን ስለሚጎዳ እኔ አልገዛውም። የወይራ ዘይት በችግር ጊዜ ጥቂት ጠብታ ቢሆን አይከፋም።

ዘይት ብቻውን ዝናብ አይመልስም፤ ሰም ይፈልጋል። አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ የጉሎ ዘይት በሚዛን፤ እንደ እኛ ብርዳም አገር ከሆነ ለአራት እጅ። ጣሳውን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡት፤ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣልና ቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልግም፤ አደገኛም ነው። እስኪረጋ አማስሉት። ሰሙን ከጠጅ ቤት ሰፈፍ አንጥሮ ማውጣት ይቻላል፤ ከገበያ ከገዛችሁ ግን በእጃችሁ ሙቀት እሹት። እንደ ሊጥ ካልተለወሰና ከተፈረካከሰ ፓራፊን (የሻማ ሰም) ገብቶበታል። ሻጩ ቢምል ቢገዘት አትመኑት።

ለአንድ ኮርቻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። በመዳፋችሁ አሙቁት፣ በስሱ ቀቡት፣ አንድ ቀን ጠብቁት፣ የተረፈውን ጥረጉት። መጀመሪያ ከማይታየው ከጎኑ ሥር ጥቂት ቀብታችሁ ሞክሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ ክረምት ሳይገባ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከዚያም መስከረም ሲያልቅ። የእርካብና የሆድ ጠፍር ላይ እጃችሁ ይቆጥብ፤ ዘይት የበዛበት ጠፍር ይለጠጣል፤ አንዱ እርካብ ከሌላው ረዝሞ ጋላቢው ተጣሞ ይቀመጣል።

ቅቤስ? ለጥምቀት ጉግስ ሊያሳምረው የፈለገ አንድ ሰው ኮርቻውን ቅቤ አጠጥቶ ጎተራ አጠገብ አሳደረው። አይጥ የሆድ ጠፍሩን ግማሹን በልቶ ጠበቀው። ያልተበላውም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሸተተ፣ ሻገተ። ቅቤ ለፀጉር ነው።

ነጭ ነገር ወጣበት

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሰዎች ያምታቱታል። ማንኪያ በሙቅ ውሃ አሙቃችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ነጩ ላይ አሳርፉት። ከቀለጠና ከጠፋ ቅባት ነው፤ ካልጠፋ ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ነው።

ቅባቱ የሚመጣው ሞራ ወይም ያ የሚረጋው የፓልም ዘይት ሲቀባ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቅባቱ ረግቶ ወደ ላይ ይወጣል። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ በቃ። ይህንን ሻጋታ ነው ብሎ በበረኪና የፈተገ ሰው አውቃለሁ፤ ኮርቻው ዝጉርጉር ጅብ መስሎ ቀረ።

ሻጋታ የሐምሌና የነሐሴ ነው። ደጅ አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ እኩል ውሃ በተቀላቀለበት ነጭ ኮምጣጤ እርጥብ ባደረጋችሁት ጨርቅ ድገሙት፤ ነፋስ ባለበት ጥላ አድርቁት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁት ተመልሶ ይመጣል።

ዝናብ መታውና እንደ ጣውላ ደረቀ

እሳት ዳር አድርቃችሁታል። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ብዙውን ጊዜም አይመለስም። ገና ትንሽ እርጥበት እያለው በስሱ ዘይት ቀብታችሁ ጥላ ላይ ብታደርቁት ኖሮ ይተርፍ ነበር።

ሌሎች

ሲነኩት ቀይ ብናኝ የሚያራግፍ የአያት ኮርቻ፦ ቆዳው በአሲድ ተበልቷል፤ ግድግዳ ላይ ስቀሉት እንጂ አትጋልቡበት።

ስፌቱ እየተፈታ የመጣ፦ በሰም በታሸ ክር ይሰፋ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የነካው ከሆነ ስፌቱን ሁሉ ፍቱት።

ምንም ቢቀባ የማይጠጣ አዲስ ኮርቻ፦ የተቆረጠ ጠርዙን እዩ። መሀሉ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ በክሮም የለፋ ነው፤ ብዙ ዘይት አይፈልግም፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።