መጀመሪያ ዲኤስኦ፣ ከዚያ ድርጊቱ፦ በአሜሪካ የኤፍ-1 ተማሪ ስታተስ አያያዝ

ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ ነው። ከገባችሁ በኋላ በሕጋዊነት የሚያቆያችሁ ስታተሳችሁ ነው። ትምህርታችሁን በአግባቡ እየተከታተላችሁ የቪዛው ጊዜ ቢያልፍ፣ ከአገር ወጥታችሁ መመለስ እስክትፈልጉ ድረስ አያስጨንቃችሁም። ስታተሱ ከተበላሸ ግን ቪዛው ገና ዓመታት ቢቀሩትም አያድናችሁም።

የስታተሳችሁ ታሪክ ያለው ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ነው። በዩኒቨርሲቲው በኩል መዝገቡን የሚያስተካክለው ዲኤስኦ፣ ማለትም በውጭ ተማሪዎች ቢሮ የተመደበው ኃላፊ ነው። መምህራችሁ ወይም የትምህርት አማካሪያችሁ ከበደኝ ያላችሁትን ኮርስ እንድትተዉ ሲመክሯችሁ ስለ ውጤታችሁ ተጨንቀው ነው፤ ሴቪስን አያዩትም። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ኮርሱን ይጥልና ፈቃድ የሚጠይቀው በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታ ነው። ለድኅረ ምረቃ ቁጥሩን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ 9 ነው። ከዚህ ውስጥ በኦንላይን ሊቆጠርላችሁ የሚችለው አንድ ኮርስ፣ ቢበዛ 3 ክሬዲት ነው። በድምሩ 12 ክሬዲት የተመዘገበ ተማሪ ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶችን ሁለት በኦንላይን ቢወስድ፣ የተቆጠረለት 9 ብቻ ስለሆነ ጎድሎበታል። የትምህርት ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ነህ ቢለውም ለሴቪስ ግን አይደለም።

ክሬዲት መቀነስ የግድ ከሆነ ሕጉ መንገድ አለው። በሕመም ምክንያት ከሆነ ከሐኪም ወይም ፈቃድ ካለው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ አምጡ፤ በአንድ የዲግሪ ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ይፈቀዳል። በትምህርት ችግር ከሆነ፣ ለምሳሌ የቋንቋ ክብደት ወይም ያለደረጃ የተመደበ ኮርስ፣ በአንድ የዲግሪ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታችም አይወረድም። የገንዘብ እጥረት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚላክላችሁ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ምክንያት ሊዘገይ የሚችል ከሆነ፣ ምዝገባ ሳይታገድባችሁ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄዳችሁ በየወሩ ስለሚከፈልበት አማራጭ ጠይቁ። ዲኤስኦው ምዝገባችሁን ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ሴቪስ ላይ ማስገባት አለበት።

አድራሻ ስትቀይሩ፣ ከዶርም ወደ አጎት ቤት መግባትም ቢሆን፣ በ10 ቀን ውስጥ አሳውቁ። የምትሰጡት የምትኖሩበትን ቤት አድራሻ እንጂ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይሁን።

ሥራን በተመለከተ ምሕረት የለም። በግቢ ውስጥ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ሁለት ሥራ ከያዛችሁ ሰዓቱ ይደመራል፤ ቤተ መጻሕፍት 12፣ ካፌ 10 ብትሠሩ 22 ሆኗል፣ አልፋችኋል። ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ በዘመድ ሱቅ ወይም በሐበሻ ምግብ ቤት ማገዝ፣ በስልክ መተግበሪያ ምግብ ማድረስ፣ በጥሬ ገንዘብ ቢከፈልም ሥራ ነው። ስታተስ ቢበላሽ ለማስመለስ የሚቀረውን በርም የሚዘጋው ይኸው ነው።

ሲፒቲ፣ ማለትም ሳትመረቁ ከትምህርቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራ የተግባር ሥራ፣ የሚፈቀደው በተጠቀሰው ቀጣሪና ቀን ብቻ ነው፤ የሙሉ ጊዜ ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ በዚያ ደረጃ ኦፒቲ፣ ማለትም በተማራችሁበት ሙያ ለጊዜው የምትሠሩበት ፈቃድ፣ አይኖራችሁም። ከምረቃ በኋላ የሚሠራበትን ኦፒቲ ማመልከቻ ፕሮግራሙ ከማለቁ 90 ቀን ቀድሞ ጀምሮ እስከ 60 ቀን በኋላ ድረስ ይቀበላሉ፤ ሆኖም ዲኤስኦው ድጋፉን ሴቪስ ላይ ካስገባ በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ጋ መድረስ አለበት። ኦፒቲ ላይ ሆናችሁ ያለ ሥራ የምትቆዩበት ቀን በድምሩ ከ90 አይበልጥ። ትምህርቱ የሚረዝም ከሆነ ደግሞ ማራዘሚያው የሚጠየቀው ትምህርት ቤቱ በሰጣችሁ የተማሪነት ማረጋገጫ ቅጽ፣ በአይ-20ው፣ ላይ ያለው ማብቂያ ቀን ሳይደርስ ነው።

ከመጓዛችሁ በፊት የአይ-20ን ሁለተኛ ገጽ ተመልከቱ፤ የዲኤስኦው የጉዞ ፊርማ ለ12 ወር፣ ኦፒቲ ላይ ከሆናችሁ ለ6 ወር ያገለግላል። ስትመለሱ አይ-94ን፣ ማለትም ወደ አሜሪካ የመግባታችሁን መዝገብ፣ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ሦስት ነገር አስተያዩ፦ ስም፣ የልደት ቀንና የመቆያ ጊዜ። በእኛ አጠራር የቤተሰብ ስም ስለሌለ፣ አንዱ መዝገብ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በመጨረሻ ስምነት ሊይዝ ይችላል፤ በዚህ ልዩነት መንጃ ፈቃድም ሆነ ሶሻል ሴኩሪቲ ይጓተታል። አይ-20ን ዲኤስኦው ያስተካክላል፤ አይ-94ን ደግሞ የድንበር ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት።

ስታተስ ከተበላሸ አትደበቁ። በደንብ የጨረሰ ተማሪ ከአገር ለመውጣት ያለው የ60 ቀን ጊዜ ለእናንተ የለም። ማስመለሻው በአይ-539 ቅጽ ሲሆን፣ በመሠረቱ በ5 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ዲኤስኦውንም የኢሚግሬሽን ጠበቃንም በዚያው ሳምንት አግኙ።

አንድ ፋይል ይኑራችሁ። የወጣላችሁን አይ-20 ሁሉ፣ አሮጌውንም ጭምር፣ የ350 ዶላሩን የሴቪስ ደረሰኝ፣ እያንዳንዱን አይ-94፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ገቢ ባይኖራችሁም በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የምትልኩትን 8843 ቅጽ ቅጂ እዚያ አኑሩ። ዲኤስኦው ፈቃድ የሰጠባቸውን ኢሜይሎችም ወደ ግል አድራሻችሁ ላኩ፤ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ከተመረቃችሁ በኋላ ሊዘጋ ይችላል።