የዘመመው ትከሻው ነው ወይስ ካሜራው? የሰውነት አቋም መለኪያ ችግርና መፍትሄ

በስልክ ካሜራና በሚዲያፓይፕ (ከምስል ላይ የሰውን መገጣጠሚያዎች ለይቶ ቁጥር ባላቸው ነጥቦች የሚያሳይ ሞዴል) የሰው አቋም ሲለካ ውጤቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሞዴሉ ሳይሆን አነሳሱ ነው። ሌንስ መወልወልና ብርሃን ማስተካከል የታወቀ ነውና እናልፈዋለን።

ምልክት፦ የሁሉም ሰው ትከሻ በአንድ ወገን ዝቅ ብሏል

አሥር ሰው ተነስቶ የዘጠኙ ቀኝ ትከሻ ዝቅ ካለ ሰዎቹን ተዉአቸው፤ የዘመመው ካሜራው ነው። በሁለቱ የትከሻ ነጥቦች (በሚዲያፓይፕ ቁጥር 11 እና 12) መካከል 36 ሴንቲሜትር ቢኖር፣ የካሜራ 2 ዲግሪ መዝመም ወደ 1.3 ሴንቲሜትር የሚጠጋ የውሸት ልዩነት ይፈጥራል። በዚህ ተነስቶ «አከርካሪህ ጎብጧል» የሚል አለ፤ ነውር ነው።

ጠዋት የተነሱት ቀጥ ብለው ከሰዓት የተነሱት ካዘነበሉ የስልኩን ስታንድ ጠርጥሩ። ርካሹ የፕላስቲክ ስታንድ አንገቱ ላይ ያለችው ኳስ የስልኩን ክብደት ስለማትችል ቀስ እያለች ትወርዳለች። በፕላስተር ማሰር አያድናትም፣ ቀይሩት።

መፍትሄው የግንበኛ ቱንቢ ነው። ከጣሪያ ላይ ቀጭን ገመድ አውርዳችሁ ጫፉ ላይ ትልቅ ዳዶ እሰሩ፤ ዳዶውን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ብትነክሩት ቶሎ ይረጋል። ገመዱ ከሚነሳው ሰው ጎን፣ ከካሜራው በእኩል ርቀት፣ ከምስሉ ጠርዝ ራቅ ብሎ ይሁን። በምስሉ ላይ 1500 ፒክስል የሚረዝም ገመድ ከላይ እስከ ታች 26 ፒክስል ወደ ጎን ከሄደ ካሜራው 1 ዲግሪ ዘምሟል፤ ያንን ከውጤቱ ቀንሱ። ከ2 ዲግሪ ካለፈ መቀነሱን ትታችሁ ካሜራውን አስተካክሉ። ገመዱ ቀኑን ሙሉ ከምስሉ አይውጣ።

አንድ ገመድ ግን ካሜራው ወደ ታች ማጎንበሱን አይነግራችሁም። ግራና ቀኝ ሁለት ስቀሉ፤ ወደ ታች ከተቀራረቡ አጎንብሷል። ካሜራው በዳሌ ቁመት፣ 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ በ1 እጥፍ ሌንስ ይቁም። በ0.5 (በሰፊው) ሌንስ አታንሱ!

ደሴ ላይ ደግሞ ወለሉን እዩት። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማ ወለል ሁሉ ልክ ነው ብሎ ማመን የዋህነት ነው። ወለሉ ወደ ጎን ካዘቀዘቀ የሰውየው ዳሌ በእውነት ያዘነብላልና ቱንቢ አያርመውም። ሁለቱ እግሮች በሚቆሙበት ቦታ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ፤ ከዘመመ ወፍራም ጣውላ አንጥፋችሁ ዝቅ ባለው በኩል ስስ እንጨት ክተቱ።

ምልክት፦ የአንገት ማጎንበስ ከሚታየው በላይ ተጋኗል

ሚዲያፓይፕ ነጥቦቹን ከ0 እስከ 1 ነው የሚሰጠው፤ አግድሙ ለምስሉ ስፋት፣ ቁመቱ ለምስሉ ቁመት ተካፍሎ። መልሳችሁ በምስሉ ስፋትና ቁመት (በ1080 እና በ1920 ፒክስል) ሳታባዙ ማዕዘን ካሰላችሁ፣ ከቁም መስመር 12 ዲግሪ የነበረው አንገት 21 ሆኖ ይወጣል። በሩላ (የሥራ ላይ አቋምን በውጤት የሚመዝን ዘዴ) የአንገት ውጤት ከ2 ወደ 3 ይዘላል ማለት ነው። የትከሻው ደግሞ በተቃራኒው ያንሳል፦ 2 ዲግሪው 1.1 ይሆናል። ስለዚህ አንገቱ ሲጋነን ትከሻው «ደህና» ከመሰለ መጀመሪያ የምትፈትሹት ማባዣውን ነው።

ምልክት፦ የጆሮ ነጥብ ይንሳፈፋል

ሂጃብ ወይም ሻሽ ጆሮን ሲሸፍን ሞዴሉ ነጥብ 7ን ወይም 8ን ይገምታል። አውልቂ አይባልም። የጆሮዋን ቀዳዳ ራሷ በጣቷ ዳስሳ ከሂጃቡ ላይ ባለቀለም ተለጣፊ ትለጥፍ፤ ነጥቡን እናንተ በእጅ ምረጡ። ጋቢ ግን ይውለቅ፣ ትከሻን እንዳለ ይውጣል።

ምልክት፦ ኮምቦልቻ፣ ስፌት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ጀርባ በየፍሬሙ ይለዋወጣል

ጠረጴዛው ዳሌውን ጋርዶታል። ሞዴሉ የማያየውንም ነጥብ ከመስጠት አይመለስም፤ የዳሌ ነጥቦቹ (23 እና 24) የመታየት ዋጋ፣ ማለትም ሞዴሉ ነጥቡ መታየቱን ከ0 እስከ 1 የሚገምትበት ቁጥር፣ ከ0.5 ካነሰ የጀርባውን ውጤት ጣሉና በዓይን አይታችሁ ሙሉ። ካሜራውን ወደ ጎን ወስዶ ዳሌው እንዲታይ ማድረግ ይሻላል።

ግራና ቀኝ ከተቀያየረ የፊት ካሜራው ምስሉን ገልብጦታል፤ በኋላ ካሜራ አንሱ።

ሞዴሉ ነጥቦቹን አያይዞ የሚስለው አጽም ወደ ሌላ ሰው ከዘለለ ከኋላ አንሶላ ጋርዱ።