ባለ እግር ባኞ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከግድግዳ ተነጥሎ በአራት እግሮቹ የሚቆመው የድሮ ሞዴል ባኞ ገዢውን የሚያሸንፈው በመልኩ ነው። ጣጣው ያለው ግን ከሥሩና ከጀርባው ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ቦይለሩን ሳያስቡ መግዛት ነው። ባኞው 180 ሊትር ውኃ ይያዝ እንበል። የአዲስ አበባን ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ 65 ዲግሪ ከደረሰ የቦይለር ውኃ ጋር ቀላቅሎ 40 ዲግሪ ለማድረስ ከ80 ሊትር በላይ ሙቅ ውኃ ያስፈልጋል። ቦይለሩ የሚይዘው 50 ሊትር ከሆነ ሰውነትዎ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ባኞው የብረት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሙቀቱን የሚጠጣው ራሱ ብረቱ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖሩ ሌላም ሒሳብ አለ፤ 1,000 ሊትር ከሚይዝ ሮቶ አንድ አምስተኛው ገደማ በአንድ ገላ መታጠብ ያልቃል። ይህን እያወቁ የሚገዙ ከሆነ ይግዙ፤ ቅንጦት መሆኑን ግን አይካዱት።

ክብደቱን መናቅ ሁለተኛው ነው። በኢናሜል የተለበጠ የብረት ባኞ ባዶውን ከ120 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ውኃውና ሰውየው ሲጨመሩ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል፤ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአራት ትንንሽ እግሮች ላይ ነው። ቤትዎ ፎቅ ከሆነ ሶሌታው ይችለው እንደሆነ መሐንዲስ ይጠይቁ እንጂ የሻጩን ማረጋገጫ አይመኑ። ከአክሪሊክ (ከጠንካራ ፕላስቲክ) የተሠራው በጣም ይቀላል፤ ከሩቅም ብዙ ሰው አይለየውም።

ሴራሚክ ካነጠፉ በኋላ ባኞ መምረጥም ያስከፍላል። ከወለል የሚነሣው ሚክሰርና የፍሳሽ መስመሩ ቦታቸው አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱ ወለል ይቆፈራል። የበሩንና የደረጃውን ስፋት መለካት ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ግድግዳ ላይ አስጠግተው ካቆሙትማ ለምን ባለ እግር ገዙ? እጅና መወልወያ የማያስገባ ክፍተት ሻጋታ ያፈራል።

ርዝመቱን በሜትር ብቻ አይመኑ፤ ጀርባው የተንጋለለ ከሆነ ውስጡ ያጥራል። ሱቅ ውስጥ ጫማ አውልቆ ገብቶ መቀመጥ አያሳፍርም።

እውነተኛ አሮጌ ባኞ ካገኙ ኢናሜሉ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል፣ በተለይ ሕፃናት የሚታጠቡበት ከሆነ፣ ሳያስመረምሩ ወይም እንደገና ሳያስለብጡ አይጠቀሙበት።