ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት መብራቱን አብሩ
አሮጌ ዲኤክስ (የቶዮታ ኮሮላ መኪና) ያላችሁ፣ ጠዋት አልነሳ ስትላችሁ ባትሪ ልትገዙ አትሩጡ። መጀመሪያ የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ክፉኛ ከደከመ ወይም ድርግም ካለ ጣጣው ባትሪው ወይም የባትሪው ማሰሪያ ነው። የኔዋ ማሰሪያው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮባት ነበር። ኔጌቲቩን (የመቀነስ ምልክት ያለበትን) ማሰሪያ አስቀድሜ ፈታሁ፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩ፣ አድርቄ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። በአንድ ቁልፍ ተነሳች! ለአዲስ ባትሪ ብር ቆጥሬ ነበር እኮ።

መብራቱ ሳይደክም «ቀጭ» ብቻ ካለ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን፣ ጠርጥሩ። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልያዘ ግን ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚለኩሰውን እሳት የሚሰጠውን፣ ንቀሉ። ደጋግማችሁ ሞክራችሁም ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ርሶ ከወጣ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይ እሳት የለውም።