ሻማ፣ ስኳርና ጨው፦ የሞለኪውላዊ ቁሶችን ባሕርይ ያለ ላቦራቶሪ ማሳየት

ውኃ ሲፈላ የሚላቀቀው ምንድን ነው? ብለው ተማሪዎችን ቢጠይቁ ብዙዎቹ «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያያሉ» ብለው ይመልሳሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። እንደ ውኃ፣ ስኳርና ሻማ ባሉ ሞለኪውላዊ ቁሶች ውስጥ አቶሞቹን ኤሌክትሮን በማጋራት የሚያስተሳስረው ኮቫለንት ቦንድ ጠንካራ ሲሆን፣ አንዱን ሞለኪውል ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ስበት ግን ከዚያ እጅግ የደከመ ነው፤ ቁሱ ሲቀልጥ ወይም ሲፈላ የሚሸነፈውም ይኸው ደካማው ስበት ብቻ ነው። ይህንን በደሴም ሆነ በወልድያ ከሱቅ በሚገኙ ነገሮች ማሳየት ይቻላል።

የከሰል ምድጃ ደጅ ላይ ያቀጣጥሉ፤ በሦስት አሮጌ የብረት ማንኪያዎች ላይ ጥቂት የሻማ ስባሪ፣ ስኳርና ጨው ለየብቻ ያድርጉና እጀታቸውን በወፍራም ጨርቅ ይዘው በፍሙ ላይ ያቆዩአቸው። ሻማው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ ወዲያው ይፈሳል። መጨስ ሳይጀምር ያንሡትና ሲቀዘቅዝ ያው ነጭ ሻማ መሆኑን ተማሪዎቹ በእጃቸው ይንኩት፤ ሞለኪውሎቹ ተለያዩ እንጂ አልፈረሱም።

ስኳር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ180 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል፤ ነገር ግን ወዲያው ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎም ይጠቁራል። መጥቆሩ ኮቫለንት ቦንዶቹ ራሳቸው መበጠሳቸውን የሚያሳይ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ የሚቀረው ጥቁር ነገር በአብዛኛው ካርቦን ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ሻማን ማስቀደም ይገባል፤ ስኳር ብቻውን ከቀረበ ተማሪው መቅለጥንና መፍረስን ያምታታቸዋል።

ከአፋር ተጭኖ ወደ ወሎ የሚወጣው ጨው ደግሞ ይንጣጣል እንጂ አይቀልጥም። የሚንጣጣው በቅንጣቶቹ ውስጥ የታመቀው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ስለሚያፈነዳቸው ነው። ጨው በሞለኪውል ሳይሆን በአዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ባላቸው ቅንጣቶች፣ የተገነባ በመሆኑና ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች አጥብቀው ስለሚሳሳቡ፣ ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ይፈልጋል።

ቀጥሎ አራት የባትሪ ድንጋዮችን በተከታታይ ያገናኙ፤ ከሬዲዮ ጠጋኞች የሚገኝ ትንሽ ቀይ የኤልኢዲ መብራት ረጅም እግሩን ወደ ፖዘቲቩ በኩል አድርገው ያያይዙ፤ ቀሪዎቹን ሁለት የሽቦ ጫፎች በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይንከሩ። ጫፎቹ እርስ በርስ ከተነካኩ መብራቱ ሊቃጠል ይችላል። የቧንቧ ውኃ በራሱ አዮኖች ስላሉት መብራቱን በደብዛዛውም ቢሆን ሊያበራው ይችላል፤ ስለዚህ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ይጠቀሙና ምንም ሳይጨምሩበት አስቀድመው ይሞክሩት። ስኳር ሲሟሟ መብራቱ አይበራም፤ የስኳር ሞለኪውሎች ቻርጅ ስለሌላቸው ኤሌክትሪክ የሚሸከም የለም። በሌላ ብርጭቆ ጨው ሲሟሟ ግን ይበራል። ከጨዋማው ውኃ ጥቂት የክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ስለሚችል ሽቦዎቹን ቶሎ ያውጡ፣ መስኮትም ይክፈቱ።

ቴርሞሜትር ካለ የመፍያ ነጥብንም ይለኩ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነችው ደሴ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ስበት በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው፤ የሚለየው ከላይ የሚጫናቸው የአየር ግፊት ነው። ይህን ሳይነግሩ የመጽሐፉን 100 ዲግሪ ብቻ ካስጠኑ፣ ተማሪው በዐይኑ ያየውን ንባብ እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል።

መሟሟትን ለማሳየት ደግሞ፣ ምድጃው ከጠፋ በኋላ፣ ከማንኛውም እሳት ርቀው፣ ጥቂት የሻማ ፍቅፋቂ ክዳን ባላቸው ሁለት ጠርሙሶች ውስጥ ያድርጉ፤ በአንዱ ውኃ፣ በሌላው ነጭ ጋዝ ይጨምሩና እየነቀነቁ እስከ ማግስቱ ያቆዩት። በውኃው ላይ ፍቅፋቂው እንደተንሳፈፈ ይቀራል፤ በነጭ ጋዙ ውስጥ ግን ይሟሟል፤ ሻማውም ነጭ ጋዙም ዋልታ (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፍ) የሌላቸው የሃይድሮካርቦን፣ ማለትም የሃይድሮጅንና የካርቦን፣ ሞለኪውሎች ናቸውና።