ከችግኙ በፊት ጀሪካኑን ቁጠሩ

የፍራፍሬ እርሻ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ችግኝ ነው። እኔም እንደዛው። ኮምቦልቻ ዳር ላለችኝ ሩብ ሄክታር አቮካዶ ገዝቼ ጓሮ ከደረደርኩ በኋላ ነው ስለ ውሃ ማሰብ የጀመርኩት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አቮካዶ በ7 ሜትር ርቀት ሲተከል ሩብ ሄክታር ላይ 50 ዛፍ ገደማ ይይዛል። በበጋ ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በሳምንት ሁለቴ ብትሉ በሳምንት 100 ጀሪካን መጣ። የበልጉ ዝናብ እስኪደርስ፣ እሱ ከቀረ ደግሞ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይሄን ማን ያመላልሳል? የወሎ በልግ እንደሆነ የሚታመን አይደለም። ጉድጓድ ወይም የመስኖ ቦይ አጠገባችሁ ከሌለ በ10 ዛፍ ጀምሩ፣ ማንም አይስቅባችሁም።

ቀጥሎ ምን ልትከል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ቢራራቁም የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ፤ ዛፉም እንደዛው ነው። ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለአቮካዶ፣ ለፓፓያና ለዘይቱን ትመቻለች። ማንጎ ካማራችሁ ወደ ሐርቡ ዝቅ ማለት ይሻላል። ደሴ ላይ ግን ብርድና ውርጭ አለ፣ ስለዚህ አፕል ነው የሚያዋጣው። አና የሚባለውንና ዶርሴት ጎልደንን ቀላቅሉ፤ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ካልሰጠው በደንብ ፍሬ አይዝም።

አፈሩን ሳትፈትኑ አትትከሉ። 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ሲጠልቅ ድጋሚ ሙሉ። በማግስቱ ውሃው እዛው ከተኛ ቦታውን ለሌላ ነገር ተዉት። እኔ ይሄን ዘልዬ 8 ችግኝ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ጥግ ላይ ተከልኩ። ነሐሴ ላይ ቅጠላቸው ጠወለገ። ዝናብ በዝናብ በሆነበት ወር ውሃ የጠማው ይመስላል! አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ በጣቴ ስነካው ይበጣጠሳል። በስብሷል። አቮካዶ ጥማቱን ትንሽ ይችላል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን አይችልም።

ችግኝ ስትገዙ የተዳቀለ፣ ማለትም በእናት ግንድ ላይ የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት፣ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከግንዱ ዝቅ ብሎ እንደ ጉልበት የጎበጠ ጠባሳ አለ፤ እሱ ከሌለ ከዘር የበቀለ ነው፣ 7 እና 8 ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ላስቲኩንም አንሱና ከታች እዩት፣ ሥሩ ተጠምዝዞ ከከረመ ይቅርባችሁ። ገበያ የሚፈልገው ሐስ የሚባለውን የአቮካዶ ዝርያ ነው፣ ግን በመሃል ጥቂት ኢቲንገር ወይም ፉዌርቴ አስገቡ። የነዚህ አበባ የሚከፈትበት ሰዓት ከሐስ ስለሚለይ ንብ ስታመላልስ ይረዳዳሉ።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፣ 60 በ60 በ60። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከላዩ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ሐምሌ ላይ መሬቱ ሲርስ ትከሉ። ላስቲኩን ቅደዱ (የሚረሳ አለ፣ በእውነት!)፣ ጠባሳውን አፈር እንዳይነካው ከፍ አድርጉት። ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ቁረጡ፣ እናቱ ናት ልጁን የምትውጠው። ገለባ አልብሱት፣ ግንዱን ግን ምስጥ እንዳይወጣበት አታስነኩት። አጥርም ከተከላው በፊት ይለቅ። የጎረቤት ፍየል የአንድ ዓመት ድካማችሁን በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች።

እስከዛ ምን ይበላል? በመሃል ፓፓያ። ዓመት ሳይሞላው ወይም ትንሽ አልፎ ፍሬ ይሰጣል። አንድ ጉድጓድ ላይ 3 ትከሉና ሲያብብ ረጅም ዘንግ ላይ የሚንጠለጠል አበባ ያወጣውን ንቀሉት፣ ወንድ ነው። ቦሎቄና ሽንኩርትም ይሆናል። ቲማቲምና ድንች ግን አቮካዶን የሚያደርቅ የአፈር በሽታ ስለሚያመጡ አታስጠጉ።

ገበያውን ደግሞ ዛፉ ሳያብብ አስቡበት። ደላላ መጥቶ «ዛፉን እንዳለ ልግዛህ» ይላል፤ ገንዘብ ሲቸግራችሁ ጆሮ ትሰጡታላችሁ፣ ያኔ ነው የምትከስሩት። እኔ የጁስ ቤቶችን በር ራሴ አንኳኳሁ። ደሴም ኮምቦልቻም ስፕሪስ የማይጠጣ የለም፣ ረመዳን ሲገባማ ለአፍጥር የሚፈለገው ፍራፍሬ ሌላ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ ከምርታችሁ ጋር መቼ እንደሚገጥም ቀድማችሁ ቁጠሩ።

ለመልቀም አትቸኩሉ። አቮካዶ ዛፍ ላይ አይለሰልስም። አንድ ቁረጡና ቤት አስቀምጡ። ከሳምንት፣ ከ10 ቀን በኋላ ቆዳው ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ደርሷል። ተጨማድዶ እንደ ጎማ ከሆነ ሌሎቹን አትንኩ። ሲደርስም በዱላ አታርግፉት፤ በመቀስ፣ ትንሽ እጀታ አስቀርታችሁ። የጁስ ቤቱ ሰውዬ መጀመሪያ የሚያየው እሷን እጀታ ነው።