ላፕቶፑን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ለምን እንደሚንቀራፈፍ በታስክ ማናጀር እንዴት ይታወቃል?

ድሬዳዋ ላይ ላፕቶፕ ተንቀራፈፈ ሲባል መድኃኒቱ ሁሌ አንድ ነው፤ "ፎርማት ይደረግ!" እኔ በዚህ አልስማማም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አውቃለሁ፤ የጠገነላት ሰው ሳይጠይቃት ፎርማት አድርጎባት ዴስክቶፕ ላይ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፏ አብሮ ጠፋ። ላፕቶፑም ብዙ ሳይቆይ መንቀራፈፉን ቀጠለ። የጎደለው ራም ነበር፤ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ማለት ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምን እንደያዘው ራሱ ይናገራል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉት። ሻት ዳውን አላልኩም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር መጥቷል። እሱ በርቶ ሻት ዳውን ስትሉ የእናንተ ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ግን ዲስክ ላይ ይቀመጥና በማግስቱ እንዳለ ይነሳል። ሁሉንም ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው።

ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ መስኮት ነው።

የተደረደሩት ፕሮሰስ ይባላሉ። ፕሮሰስ ማለት ዲስክ ላይ ተኝቶ የነበረ ፕሮግራም ተነስቶ ሥራ ሲጀምር ነው። ክሮም ብቻውን ብዙ ፕሮሰስ ቢይዝ አትደንግጡ፤ አንዱ ገጽ ቢበላሽ ሌላው እንዳይወድቅ ለያይቶ ስለሚያስኬዳቸው ነው። ከርነሉ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ጊዜ እየቆራረሰ ለሁሉም በተራ ያድላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ሆኖ ታያላችሁ። "ሃርድ ዲስኩ ሞቷል" ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሜሞሪ የሚለውን እዩ።

ሜሞሪው ከ90 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ራሙ ሞልቷል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ፕሮግራሞቻችሁን ወዲያው አይዘጋም። ለጊዜው ያልነካችሁትን ከራም አንስቶ ዲስክ ላይ፣ ፔጅ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስትፈልጉት ይመልሰዋል፤ ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ደግሞ ሌላውን ያወጣል። ታይዋን ገበያ ጠባብ ሱቅ ያለውን ነጋዴ አስቡ። ዕቃው ያለው ሳቢያን፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ደንበኛ በጠየቀ ቁጥር ልጅ ይልካል። ነጋዴው ቀልጣፋ ነው፤ ቀኑ ግን በመመላለስ ያልቃል። ራም በ100 ናኖሰከንድ አካባቢ ይመልሳል፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 100 ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ዲስኩ 100 የገባው ታሞ ሳይሆን በዚህ ምልልስ ነው።

ፎርማት እዚህ ጋር የሚያታልለው ለዚህ ነው። ፕሮግራሞቹ ስለጠፉ ለጥቂት ቀን ይቀለዋል። መልሳችሁ ስትጭኗቸው ያው ነው። 4 ጊጋ ራም ላይ ከሆናችሁ ገንዘባችሁን ራም ላይ አውጡት። ታስክ ማናጀሩ ላይ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ ባዶ የራም መሰኪያ (ስሎት) መኖሩን ሳታዩ ግን አትግዙ፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ሃርድ ዲስኩን የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ መቀየርም በጣም ይረዳል።

ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ ብቻ 100 ካለ፣ ምናልባት አፕዴት ወይም አንቲቫይረስ እየሠራ ይሆናል። እስኪጨርስ ተዉት። ሁልጊዜ እንደዚያ ከሆነ ዲስኩን ጠርጥሩ፤ ከሁሉም በፊት ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ፣ ማሽኑ ሲከፈት አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች የማትፈልጉትን ዲስኤብል አድርጉ። የዊንዶውስ ፕሮሰሶችን ግን በኢንድ ታስክ አትንኩ፤ አንዳንዶቹ ሲዘጉ ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይወድቃል። "ኮምፒውተር ያፈጥናል" የሚባሉትን ፕሮግራሞች አልመክርም። እነሱም ራም ይፈልጋሉ።

ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሙቀቱን አስቡ። የድሬ ከሰዓት ለሰውም ይከብዳል። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቻርጀር ሰክታችሁ፣ ከባድ ሥራ እየሠራ ሳለ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለው ጋ ግቡ። ስፒድ ከቤዝ ስፒድ፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ መደበኛ ፍጥነት በታች ከወረደ ፋኑን ከአቧራ አስጠርጉ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ይቀየር። ፍራሽ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ፤ የአየር ማስገቢያውን ይደፍነዋል።